ለስክሩ ኮምፕሬሰር የሞተር ዘይት ይሆናል ወይ ለሚለው ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎና ለቡድኑ አባላት በሙሉ። ጥያቄዎ፣ ኮምቦልቻ በሚገኘው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችሁ ያለው 37 ኪሎ ዋት ስክሩ ኮምፕሬሰር (ተጠላልፈው በሚዞሩ ሁለት ስክሩዎች አየር የሚያምቅ ማሽን) የአምራቹ ዘይት ስላለቀበት በ15 ደብልዩ 40 የሞተር ዘይት ወይም በ46 ቁጥር የሃይድሮሊክ ዘይት መሙላት ይቻላል ወይ የሚል ነው፤ በመጨረሻም ከቀትር በኋላ የማሽኑ ሙቀት እስከ 100 ዲግሪ እንደሚወጣ ጨምረዋል። በዚሁ አካባቢ ኮምፕሬሰር በመጠገን ለዓመታት ስለቆየሁ ከሥራው የተረዳሁትን እጽፋለሁ። የሞተር ዘይት በፍጹም አይሆንም፤ የሃይድሮሊኩንም አልመክርም። ይሁን እንጂ ከሁለቱም በፊት መታየት ያለበት፣ እርስዎ እንደ ተጨማሪ ነገር የጠቀሱት የ100 ዲግሪው ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘይት በሚረጭበት ስክሩ ኮምፕሬሰር ውስጥ የዘይቱ ሥራ ኩሽኔታዎችን በማለስለስ አያበቃም። አየሩ ሲታመቅ የሚፈጠረውን ሙቀት አብዛኛውን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር የሚያወጣው ዘይቱ ነው፤ በሁለቱ ስክሩዎች መካከል፣ እንዲሁም በስክሩዎቹና በቤታቸው መካከል ያለውን ቀጭን ክፍተት ሞልቶ አየሩ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የሚያደርገውም እርሱ ነው። በአብዛኞቹ ማሽኖች ደግሞ የዘይት ፓምፕ የለም፤ ዘይቱን በራዲያተሩና በፊልትሮው አሳልፎ ወደ ስክሩው የሚገፋው ከስክሩው የሚወጣው አየርና ዘይት በሚጠራቀምበት ታንክ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ነው። የዝቅተኛ ግፊት ቫልቩ ታንኩ 4 ባር ገደማ እስኪይዝ ድረስ አየር ወደ መስመሩ የማይለቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። (የኤሌክትሪክ ሥራ ከተሠራ በኋላ ፌዝ ተገልብጦ ሞተሩ በተቃራኒው ቢዞር ግፊት አይፈጠርም፤ ዘይትም ወደ ስክሩው አይደርስም። ለጉዳቱ ጥቂት ሰከንድ ስለሚበቃ የፌዝ ቅደም ተከተል መቆጣጠሪያ ሪሌው ከፓኔሉ ተነቅሎ እንደሆነ ይመልከቱ።)

አሁን ወደ ሙቀቱ ልመለስ። ከስክሩው የሚወጣው የአየርና የዘይት ድብልቅ በጤናማ ማሽን ከ75 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቆያል፤ አብዛኞቹ ማሽኖች 110 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ያጠፋሉ። የእኛ አካባቢ ከፍታ እዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአካባቢው የአየር ግፊት 0.81 ባር ያህል ነው። ጌጁ 7 ባር ሲያሳይ በባሕር ዳርቻ ያለ ማሽን አየሩን 8 እጥፍ ገደማ ያምቀዋል፤ የእናንተው ግን ለዚያው 7 ባር 9.6 እጥፍ ማመቅ አለበት፤ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው ደሴ ደግሞ ከ10 እጥፍ ያልፋል። እጥፉ በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው የሳሳ አየር ግን የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። የደሴ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ጉድለቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ የኮምቦልቻ ቀትር ግን ይህን አያደርግም።

ይህ ለዘይት ምርጫ ምን ትርጉም አለው ቢሉ፣ በሙያው የሚሠራበት ግምት የዘይት ሙቀት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል የሚል ነው። ተራ ማዕድናዊ ዘይት ብዙውን ጊዜ 2,000 ሰዓት፣ ጥሩ ሲንተቲክ (በኬሚካል ሂደት የተሠራ) ዘይት ደግሞ እስከ 8,000 ሰዓት ይሰጠዋል፤ እነዚህ ቁጥሮች ግን በመደበኛ ሙቀት ለሚሠራ ማሽን የተነገሩ ናቸው። ሌት ተቀን ለሚሠራ ማሽን 2,000 ሰዓት ሦስት ወር እንኳ አይሞላም፤ በ100 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ስለዚህ ውድ ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት የሙቀቱን ምክንያት ፈልጉ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራዲያተሩን ነው፤ የጥጥ ብናኝ በዘይት ርጥበት ላይ ተለጥፎ ክንፎቹን እንደ ጭቃ ይመርጋቸዋል፤ ይህን ደግሞ አየር መንፋት ብቻ አያስለቅቀውም፣ ቅባት በሚያሟሟ ማጽጃ መታጠብ አለበት። ቀጥሎ የዘይቱን መጠን፣ የዘይት ፊልትሮውን፣ የቴርሞስታት ቫልቩን፣ እንዲሁም ከማሽኑ የሚወጣው ትኩስ አየር በክፍሉ ውስጥ ዞሮ ተመልሶ እየተሳበ እንዳይሆን ይመልከቱ። መስመሩ በ6 ባር ሥራውን የሚሠራ ከሆነ በ7 ባር ማስኬድ አያስፈልግም፤ ኤሌክትሪኩም ሙቀቱም ይቀንሳል።

የሞተር ዘይትን የማልቀበልበት ምክንያት ሁለት ነው። 15 ደብልዩ 40 በ40 ዲግሪ የሚኖረው ውፍረት ለእነዚህ ማሽኖች ከተለመደው አይሶ ቪጂ 46 (በዓለም አቀፉ የውፍረት መለኪያ 46 ቁጥር) ዘይት ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ በጠዋት ሲነሣ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሙቀትም በአግባቡ አያወጣም። ከዚህ የከፋው ግን በውስጡ ያለው አጣቢ ቅመም ነው። ቅመሙ ለመኪና ሞተር ጥላሸትን በዘይቱ ውስጥ እንዲያንሳፍፍ የተጨመረ ሲሆን፣ በኮምፕሬሰር ውስጥ ግን ውሃን ከዘይት ጋር ያዋሕዳል፣ አረፋም ያበዛል። አረፋው ዘይትን ከአየር የሚለየውን ሴፓሬተር አልፎ ወደ አየር መስመሩ ይገባል፤ በእናንተ ቤት ይህ ማለት ጨርቅ ላይ የሚያርፍ የዘይት እድፍ ነው። የሃይድሮሊኩ 46 በውፍረት ይመሳሰላል፤ ቁጥሩ የሚናገረው ግን ውፍረቱን ብቻ ነው። ትኩስ አየር ያለማቋረጥ እየተቀላቀለበት ለመቆየት የሚያስፈልገው ኦክሲዴሽንን የመቋቋም አቅም በኮምፕሬሰር ዘይት ውስጥ ታስቦ የሚገባ ሲሆን፣ በሃይድሮሊክ ዘይት ውስጥ ግን በዚያ መጠን አይገኝም፤ ውጤቱም ቫልቮችንና ራዲያተሩን ከውስጥ የሚሸፍን ቡናማ ቫርኒሽ ነው።

ማሽን ከመጠን በላይ መቀዝቀዙም ይጎዳል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። 25 ዲግሪ ሙቀትና 70 በመቶ ርጥበት ያለው የኮምቦልቻ አየር እስከ 7 ባር ሲታመቅ፣ በውስጡ ያለው እንፋሎት 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ቴርሞስታቱ 70 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ዘይቱን ወደ ራዲያተር የማይልከው ለዚህ ነው፤ አንዳንድ ሠራተኞች ማሽኑ ይቀዝቅዝ ብለው ነቅለው ሲጥሉት ግን በክረምት ዘይቱ ወተት መስሎ ይገኛል። ትንሽ ጭነት ብቻ ይዞ በየጊዜው የሚቆም ማሽንም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ማዕድናዊ ወይም ፒኤኦ የተባለው ሲንተቲክ ዘይት ካለው፣ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ጌጁ ዜሮ መሆኑን አረጋግጦ የታንኩን የታች ቫልቭ በጥቂቱ መክፈት ነው፤ ውሃው ከታች ስለሚተኛ ቀድሞ ይወጣል፣ ዘይት ሲመጣ ይዘጋል።

ሴፓሬተሩን በተመለከተ፣ የግፊት ልዩነቱ ወደ 1 ባር ሲጠጋ ይቀየር። ዘይት ወደ መስመር ካበዛ ግን አስቀድመው ከሴፓሬተሩ ሥር ዘይት የሚመልሰውን ቀጭን ቱቦ ይፈትሹ፤ ተደፍኖ ሳለ ደህና ሴፓሬተር ሲጣል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ዘይቱን ስትገዙ አይሶ ቪጂ 46 የሆነ፣ ለስክሩ ኮምፕሬሰር ተብሎ የተዘጋጀና የማሽኑ ማኑዋል የሚቀበለው ይሁን። አሁን በማሽኑ ውስጥ ያለው ፒኤጂ በተባለው ሌላ ዓይነት ሲንተቲክ የተሠራ ከሆነ ከማዕድናዊ ዘይት ጋር ጨርሶ አይቀላቀል፤ ድብልቁ ረግቶ ፊልትሮውንና ቱቦዎቹን ይደፍናል። ታንኩን ብቻ ማራገፍም አይበቃም፤ በራዲያተሩ፣ በቱቦዎቹና በስክሩው ቤት ውስጥ ጥቂት የማይባል አሮጌ ዘይት ይቀራል። ስለዚህ የዘይቱን ዓይነት ከመቀየራችሁ በፊት የነበረውን ጄሪካን ፈልጋችሁ ጽሑፉን፣ ከማሽኑ ታርጋ ላይ ደግሞ ሞዴሉንና የግፊት መጠኑን፣ እንዲሁም የሠራበትን ሰዓት እዚህ ብትጽፉልን የትኛው እንደሚስማማው በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል።