«ቀጭን ይበቃኛል፤ ግን አብረን እንግዛው»

ሦስት ገጽ ሙሉ የጻፈልን አንባቢ የ31 ዓመት ወጣት ነው። ጅማ ውስጥ ፋርማሲስት ሆኖ ይሠራል፤ ማታ ማታ ደግሞ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ውስጥ ተረኛ ነው። እጮኛው መምህርት ናት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ እሺ ብሎ፣ ጥር ላይ ቀለበት ሊያስሩ፣ ግንቦት ላይ ሊጋቡ ቀን ተቆርጧል። የደብዳቤው ዋና ነገር እንዲህ ይላል፦

«ለቀለበት ስንት ማውጣት አለብኝ? ከሁለቱም ሥራ በወር 23 ሺህ ብር ገደማ አገኛለሁ። 20 ሰው ያለበት እቁብ አለኝ፣ በወር 8 ሺህ እጥላለሁ። ጥቅምት ላይ በሦስተኛው ዙር ወጣልኝና 160 ሺህ ብር እጄ ገብቷል። ከጓደኛዬ 40 ሺህ ተበድሬ 200 ሺህ ልሙላውና አልማዝ ያለበት ነጭ ወርቅ ከአዲስ አበባ ላመጣላት አስቤያለሁ። እሷ አታውቅም፣ ሰርፕራይዝ ነው። አንድ ቀን ከጅሬን ስንወርድ ነገሩን ሳነሳባት ‹ቀጭን ይበቃኛል፤ ግን አብረን እንግዛው› አለችኝ። ጓደኞቼ ግን ‹ሴት ልጅ ይበቃኛል ስትል አትመናት፣ ልብህን እየለካች ነው› ይሉኛል። በውጭ አገር ደንቡ የሁለት ወር ደመወዝ ነው የሚልም አለ። የታላቅ እህቷ ባል ከአሜሪካ ያመጣውን ቀለበት ዘመድ ሁሉ እስካሁን ያወራለታል። እኔ ከማን አንሳለሁ?»

ወንድሜ፣ የጠየቅከኝ ቁጥር ስለሆነ ከቁጥሩ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው።

«የሁለት ወር ደመወዝ» የሚባለው ደንብ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ከአገር ሽማግሌም የወጣ አይደለም። ማስታወቂያ ነው። ደ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1938 አንድ የአሜሪካ ማስታወቂያ ድርጅት ቀጠረ። «አልማዝ ለዘላለም ነው» የሚለው መፈክር በ1947 ተጻፈ። በ1980ዎቹ ደግሞ የዚያው ኩባንያ ማስታወቂያ አሜሪካዊውን ወንድ የሁለት ወር፣ ጃፓናዊውን የሦስት ወር ደመወዝ ይጠይቀው ነበር። የጃፓን ሴቶች በአንድ ወር ብልጫ ይወደዱ እንደሆነ እንጃ። ለማንኛውም በማስታወቂያው ስሌት እንኳ ብትሄድ ያንተ ሁለት ወር 46 ሺህ ብር ነው። ያሰብከው ግን ወደ ዘጠኝ ወር የሚጠጋ ገቢህን ነው። ነጋዴው ከለመነህ አራት እጥፍ ልትሰጠው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን አግብተው የሚያውቁ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ለቀለበት ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር ያወጡት ወንዶች፣ ከ500 እስከ 2,000 ካወጡት ይልቅ ለፍቺ የመጋለጥ ዕድላቸው 1.3 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ውድ ቀለበት ትዳር ያፈርሳል ማለቴ አይደለም፤ ጥናቱም ያንን አላረጋገጠም፣ የእነሱን ኪስ ከእኛ ኪስ ጋር ማወዳደርም አይቻልም። «ካላወጣሁ አላፈቀርኩም» ለሚለው ፍርሃትህ ግን እዚያ ምንም ድጋፍ አታገኝም። ወርቅ ቁጠባ ነው የሚሉህ ካሉ ግማሽ በግማሽ ልክ ናቸው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ወርቅ የያዘ ሰው አልከሰረም። ነገር ግን ወርቅ ቤት መልሶ ሲገዛህ የሚመዝነው ግራሙን ነው፤ ለእጅ ሥራውና ለድንጋዩ የከፈልከውን ብዙውን ጊዜ አታገኘውም።

ስለ ዋጋው ይህን ያህል ይበቃል።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ እርሳስ ይዤ ሰዎቹን ቆጠርኩ። የታላቅ እህቷ ባል ስድስት ቦታ ይነሳል። ጓደኞችህ አራት ቦታ። እጮኛህ በገዛ አፏ የተናገረችው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ እሷንም ጽፈህ ሳትጨርስ «ጓደኞቼ ግን» ብለህ ሸፈንካት።

አምስት ቃል ናት። ጓደኞችህ የሚከራከሩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ላይ ነው፦ እውነት ቀጭን ይበቃታል ወይስ እየፈተነችህ ነው? አንተም ሦስት ገጽ ሙሉ የተጨነቅከው በዚሁ ነው። ከ«ግን» በኋላ ያሉትን ሁለት ቃላት አንድም ቦታ አላነሳሃቸውም። በእኛ አነጋገር ደግሞ የልብ ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከ«ግን» በኋላ ነው። ሰው «ደህና ነኝ፣ ግን...» ሲልህ «እሰይ፣ ደህና ከሆንክ» ብለህ ትተኸው አትሄድም። ቆም ብለህ ግኑን ትሰማለህ። እጮኛህ ስለ ውፍረቱ የነገረችህ እንዳይከብድህ ብላ ይሆናል። የጠየቀችህ ግን አብሮ መግዛትን ነው። ለምነህ የማታገኘውን ነገር ሰጥታህ ሳለ አንተ ግራም ትቆጥራለህ።

«ይበቃኛል ስትል አትመናት» የሚለውን ምክር በተመለከተ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ይህን ይዘህ ትዳር አትግባ። ዛሬ በቀለበት ያላመንካት ሴት ነገ «ደክሞኛል» ስትልህ፣ «እናትህ የተናገሩኝ ነገር ከፍቶኛል» ስትልህ በየትኛው ጆሮህ ልትሰማት ነው? ምናልባት ወርቅ ቤት አብራችሁ ብትገቡ ከቀጭኑ ወፈር ያለውን ትመርጥ ይሆናል። ያኔ ጓደኞችህ «ብለን ነበር» ይሉሃል፤ ይበሉ። እሷ ዋጋውን አይታ፣ አቅማችሁን አውቃ መረጠች ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ጥሩ ልጅ፣ ሁለት ቦታ እየሠራ፣ በእቁብ እየቆጠበ፣ ለምን ነው «አብረን» የሚለውን ቃል ያልሰማው እያልኩ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። እዚያ በቅንፍ ውስጥ «ይህ ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም» ብለህ የጻፍከው አለ፦

«እናቴ ጣቷ ላይ ቀለበት የለም። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት ሸጣዋለች። 3ኛ ዓመት ስደርስ ነው ከአክስቴ የሰማሁት። ለምን አልነገረችኝም ብዬ አንድ ወር ሙሉ ስልኳን አላነሳሁም።»

ወንድሜ፣ ከጥያቄህ ጋር በጣም የሚገናኘው ይኸው ነው።

አጋሮ ያሉት እናትህ ቀለበታቸውን አውልቀው ሲሸጡ ለአንተ አልነገሩህም። እንዲህ ያለውን እናት ሁላችንም እናውቀዋለን። ሳትበላ በልቻለሁ ትላለች፤ ነጠላዋ ሳስቶ ለልጇ ጫማ ትገዛለች። አገራችን ይህን ያከብራል፣ እኔም አከብረዋለሁ። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ግን ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው አንድ ነገር ይማራል፦ የሚወድ ሰው ዝም ብሎ ይከፍላል። ከተናገረ ውለታው ይረክሳል። ከጠየቀ ደግሞ ፍቅሩ ጎደለ።

እስቲ ወደዚያች አንድ ወር ተመለስ። ስልክ ሲጠራ እያየህ ያላነሳህባትን ወር ማለቴ ነው። ምን ነበር ያናደደህ? ውለታ የማታውቅ ልጅ ሆነህ አይመስለኝም። እንደኔ ግምት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትበላ፣ ስትለብስ፣ ከጓደኞችህ ጋር ማኪያቶ ስትጠጣ ጣቷ ባዶ እንደሆነ አለማወቅህ ነው ያቃጠለህ። ብታውቅ ኖሮ «ተዪው፣ አይሸጥ» ትል ነበር። ወይም የትርፍ ጊዜ ሥራ ትፈልግ ነበር። ወይም ቢያንስ አውቀህ ትቀበል ነበር። ስለ አንተ ተብሎ የተወሰነ ነገር ላይ አንተ አልነበርክበትም። ሳትጠየቅ ባለዕዳ ሆንክ፤ እንዲህ ያለ ዕዳ ደግሞ መክፈያው ስለማይታወቅ አያልቅም። ይኸው አሥር ዓመት አልፎትም እየከፈልክ ነው።

አሁን እቁብህን አብረን እንቁጠረው። 17 ዙር ቀርቶሃል፣ 136 ሺህ ብር። ከኅዳር እስከ ግንቦት ያሉትን ሰባት ዙሮች ብቻህን ትጥላለህ። ከሰኔ እስከ ቀጣዩ ዓመት መጋቢት ያሉት 10 ዙሮች፣ 80 ሺህ ብር፣ የሚጣሉት ከሠርጉ በኋላ ነው። በቤተሰብ ሕጋችን ባልና ሚስት ከተጋቡ በኋላ ሠርተው የሚያገኙት ገቢ የጋራቸው ነው። እንግዲህ የምትደብቃት ስጦታ ዋጋ ላይ ራሷ እየከፈለችበት ነው ማለት ነው፣ ሳታውቅ። የጓደኛህ 40 ሺህ እዚህ ውስጥ የለም። በዚያ ዓመት ምናልባት ልጅ ይመጣል፤ ኪራይም ባለበት አይቆምም። በየወሩ 8 ሺህ ብር ወዴት እንደሚሄድ አንድ ቀን ትጠይቅሃለች፤ ካልጠየቀችህም ከሰው ትሰማለች። ጅማ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። እቁብህ ውስጥ ያሉት 19 ሰዎች ሚስትም እህትም አላቸው። አንተ ከአክስትህ እንደሰማኸው እሷም ከአንዷ ትሰማለች፤ ያኔ ቀለበቱን አውልቃ ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ምን ብላ እንደምትጠይቅህ ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ።

ስለ እህቷ ባል ብዙ አልልህም። ስድስት ቦታ ብትጠራውም የምትፎካከረው ከእሱ ጋር አይመስለኝም። አንድ ባዶ ጣት አይተሃል፤ ሌላ ባዶ ጣት እንዳታይ ትፈራለህ። ይህ ፍርሃት ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አላፍርብህም። ነገር ግን የእናትህን ጣት እጮኛህ ጣት ላይ ልትሞላው አትችልም፤ ስንት ግራም ቢሆን። ለእናትህ የሚከፈለው ነገር ለእናትህ ነው የሚከፈለው፤ እሱም ወርቅ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሦስት ገጽ አንብቤ ነውና ይህን ሁሉ የምልህ ልሳሳት እችላለሁ። ከተሳሳትኩ እዚያች ቅንፍ ውስጥ ያለውን ለምን እንደጻፍክልኝ ራስህን ጠይቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ላደገ ሰው ዋጋን በግልጽ መነጋገር እንግዳ መሆን የለበትም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ኒካህ ሲያስሩ ባል ለሚስቱ የሚሰጠው መህር በስምምነት ይወሰናል፣ የሙሽሪትም የራሷ ንብረት ይሆናል። ብዙም ይሁን ጥቂት፣ ስንት እንደሆነ ታውቃለች። ስለታወቀ ክብሩ ሲቀንስ አላየሁም። በእኛ ሰፈር ደግሞ የሠርግ ቀን ሳምሶናይት ተከፍቶ ለዘመድ ሁሉ ይታያል፤ በስንት ብድር እንደተሞላ ግን ሙሽሪት የምትሰማው ጫጉላው ካለፈ በኋላ ነው።

ምን ላድርግ ካልክ፣ ቢያንስ 40 ሺውን አትበደር። የእቁቡ ብር ባንክ ይቀመጥ፤ ጥር ገና ነው። እቁቡን ንገራት፣ ስንት ዙር እንደቀረው ጭምር። ቤተሰብ በተሰበሰበበት ሳይሆን ያንን ነገር በነገረችህ መንገድ ላይ፣ በእግር እየሄዳችሁ ቢሆን ይሻላል። ሰርፕራይዝ ከወደድክ ቦታውንና ቀኑን ሰርፕራይዝ አድርገው። ብሩን ግን ተወው። ስትሰማ ዝም ልትልህ ወይም ልትቆጣ ትችላለች፤ ቶሎ እሺ እንድትልህ አትጎትጉታት። አንተም ለእናትህ አንድ ወር ፈጅቶብሃል።

ከቻልክ ደግሞ አንድ እሑድ አጋሮ ሂድና ስለዚያ ቀለበት እናትህን ጠይቃት። እስካሁን ጠይቀሃት እንደሆነ አልጻፍክልኝም። ምን ዓይነት ነበር፣ ማን ሰጣት፣ የት ሸጠችው። አዲስ እገዛልሻለሁ ብለህ ግን አትጀምር።

ይህን ንግግር ብቻችሁን ስትሞክሩት እየተጣላችሁ ከተመለሳችሁ ሁለታችሁም ሆናችሁ ባለሙያ ፊት ብትቀመጡ ጥሩ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል አለ፤ እዚያ መሄድ የሚያሳፍር ነገር የለበትም፣ አንተም የሕክምና ሰው ስለሆንክ ይህን ታውቃለህ። የሚቀልህ ከሆነ የንስሐ አባታችሁ ዘንድ ጀምሩ። በደብዳቤ የሚታይ ነገር ትንሽ ነው፤ የእሷን ፊት ደግሞ እኔ አላየሁትም።

ወደ ወርቅ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የጻፍክልኝን ሦስተኛ ገጽ አስነብባት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ባታያቸውም ግድ የለም።