ጣና ዳር ቆሞ ሰማይ ማየት፦ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ማታ ማታ ዋርካ ሥር ተቀምጬ ሐይቁን አያለሁ። ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ነፋሱና ስለ ውኃው መልክ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ጋሼ፣ ግንቦት ላይ ጀምበር ውኃው ላይ ስትጠልቅ ፎቶ አንሥቼ ነበር። ታኅሣሥ እዚያው ብቆም ከተማው ጀርባ ገባችብኝ። ቦታ ተሳስቼ ይሆን?

አልተሳሳትህም፤ የተዛወረችው እሷ ናት። ከተማችን ከሐይቁ በስተደቡብ ስለሆነች ውኃው ያለው በሰሜን በኩል ነው። በሰኔ ጀምበር ከምዕራብ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብላ ትገባለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ። ሰኔን ደመናው ስለሚያበላሸው እኔም እንዳንተ ግንቦትን እመርጣለሁ።

ሚያዝያ ላይ ቀትር ሲሆን ጥላዬ ጠፋ። እውነት ነው ወይስ ሙቀቱ ነው ያዞረኝ?

እውነት ነው! ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 16 አካባቢ ፀሐይ በአናታችን ትክክል ታልፋለች። ሰዓቱ ግን 6 ሳይሆን 6 ተኩል ገደማ ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አያምኑኝም ነበር፤ ግቢ አውጥቼ እንጨት አስተከልኳቸው።

ውኃው ፎቶ ላይ ሰማያዊ ነው፤ ስመጣ ቡና በወተት ሆኖ አገኘሁት።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ከእግርህ ሥር ስታይ የምታየው ደለሉን ነው፤ ራቅ አድርገህ ስታይ ግን ውኃው ላይ ያረፈውን ሰማይ። ደለሉን ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጡታል። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ከ14 ሜትር ብዙም አይጠልቅም፤ ስለዚህ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ከታች ይታወካል።

ታንኳ ቀዛፊዎች ለምን በሌሊት ይወጣሉ?

ጠዋት ውኃው ይተኛል። ረፋዱ ላይ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይግላል፤ ሞቃቱ አየር ሲነሣ ቀዝቃዛው ከሐይቁ ወደ ምድር ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላ ሞገድ ነው። ከደንገል የታሰረች ታንኳ ደግሞ ውኃ ስትጠጣ ትከብዳለች፤ ሞገድ ሲመጣባት ማየት አልወድም።

የኅዳር ጉምስ?

የሌሊቱ አየር ከውኃው ይበልጥ ሲቀዘቅዝ ከሐይቁ የሚነሣው እንፋሎት ነው። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ይቆያል።

እምቦጭ ሲያብብ ማድነቅ ነውር ነው?

አበባው ሐምራዊ ነው፤ ሳላይ አላልፍም። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ መረቡን ከሥሩ ለሚያላቅቅ ዓሣ አጥማጅ ግን «ያምራል» አትበለው።

እኔ እስራኤል፣ አሽቀሎን ነው የምኖረው። የእኛ ጀምበር ዓመቱን ሙሉ ባሕር ውስጥ ነው የምትገባው፤ ደግሞም ማታው ቶሎ አይጨልምም።

አይ አንቺ፣ ታደልሽ! ባሕሩ በምዕራብሽ ነዋ። እኛ ጋ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ወዲያው ይጨልማል፤ እናንተ ጋ በሰያፍ ትወርዳለች። መዟዟሯም ከእኛ ይበልጣል፤ ወደ 28 ዲግሪ በየአቅጣጫው። በሰኔ አጋማሽ ከአንድ ቦታ ቆመሽ የምትገባበትን በግንብ ወይም በምሰሶ ምልክት ያዢልኝ፤ ታኅሣሥ ላይ እዚያው ቁሚና ምን ያህል እንደራቀች ንገሪኝ።