ፓሽን ጨው ይችላል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ፓሽን ፍሩት የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ጨዋማ አፈርና የውሃ እጥረት ላይ ያተኮሩ ናቸው። ዛሬ በእነሱ ላይ እንቆይ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ጥጥ ያመርታል፤ ጥሩ ይሆንለታል። እኔ አጠገቡ ሩብ ሄክታር ፓሽን ተከልኩ። የታችኞቹ ቅጠሎች ዳር ዳራቸው እየተቃጠለ ነው። አፈሩም ሲደርቅ ነጭ ነገር ያወጣል። ፓሽን ጠንካራ ነው፣ ጨው አይነካውም ብለውኝ ነበር። (ከአሚባራ፣ አፋር)

መልስ፦ የነገሩዎት ልክ አይደለም። ፓሽን ጨው ቶሎ ከሚጎዳቸው ተክሎች አንዱ ነው። የጎረቤትዎ ጥጥ ደግሞ መመዘኛ አይሆንም። የአፈር ጨው በዴሲሲመንስ በሜትር ይለካል። ጥጥ እስከ 7.7 ድረስ ምርቱ ሳይቀንስ ይቋቋማል። ፍሬው ቢጫ ለሆነው የፓሽን ዓይነት ግን ብራዚል ውስጥ የሚጠቀሰው ቁጥር 1.3 አካባቢ ነው። ልዩነቱን ይዩት!

ከሐረጉ ሥር አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረው አፈሩን በእጅዎ ይጨብጡት። እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከጠወለገ ጨውን ይጠርጥሩ። ጨዋማ አፈር ውሃውን ይዞ ለሥሩ አይለቅም፤ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። የሥር መበስበስም እንዲሁ ያጠወልጋል፣ የፖታሲየም እጥረትም የታችኞቹን ቅጠሎች ዳር ያቃጥላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አፈሩንም የመስኖ ውሃውንም ያስመርምሩ። እዚያው አካባቢዎ ያለው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል በጨዋማ አፈር ላይ ለዓመታት ሠርቷል፤ ጎራ ብለው ቢያማክሯቸው ይጠቅምዎታል።

ጨው መሆኑ ከተረጋገጠ መፍትሔው ጨውን በንጹሕ ውሃ ከሥሩ በታች ማጠብ ነው። ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ውሃው የሚወጣበት ቦይ ከሌለ አይጀምሩት። አሚባራን የጎዳው ይኸው ነው፤ መውጫ የሌለው መስኖ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ላይ አመጣው፣ ውሃው ሲተን ጨዉ ከአፈሩ ላይ ቀረ። ነጩን ቅርፊት ግን ዛሬውኑ ጠርገው ከማሳው ማውጣት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ድርቅስ ይችላል? ውሃ የምናገኘው በሳምንት አንዴ ነው። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አይሞት ይሆናል፤ ፍሬ ግን አይሰጥዎትም። አብዛኛው ሥሩ ከላይኛው አፈር አይርቅም፤ ስለዚህ አፈሩ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚቀጣው እሱ ነው። ውሃ ሲጎድልበት አበባውን ያረግፋል፣ የያዘው ፍሬም ይጨማደዳል። የሳምንቱን ውሃ በበርሜል አጠራቅመው በጠብታ መስኖ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ያካፍሉት። ከሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣር ወይም የማሽላ አገዳ ወፈር አድርገው ያልብሱት፤ ግንዱን ግን አያስነኩት፣ ይበሰብሳል። ውሃዎ ጨው ካለው አፈሩ ጨርሶ እንዲደርቅ መተው የባሰ ነው። እርጥበቱ ባነሰ ቁጥር በቀረው ውሃ ውስጥ ያለው ጨው ይበረታል።

ጥያቄ፦ ቢጫው ይሻላል ወይስ ሐምራዊው? (ከባቱ)

መልስ፦ ለሞቃት ቆላ ቢጫው፣ ቀዝቀዝ ላለ ከፍታ ሐምራዊው። ኬንያ ውስጥ ሐምራዊውን በቢጫው ሥር ላይ ግራፍት ማድረግ (የአንዱን ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ አጣብቆ ማሳደግ) የተለመደ ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሥር አጥቅቶ ሐረጉን የሚያደርቅ የአፈር በሽታ እንጂ ጨው አይደለም። እውነተኛ የድርቅ ጀግና የሚባለው ሌላ ዘመዳቸው ነው፤ ፓሲፍሎራ ሲንሲናታ። ካቲንጋ በሚባለው ደረቅ የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ቁጥቋጦ ምድር ውስጥ በዱር ይበቅላል። የአገሪቱ የግብርና ምርምር ተቋም ኤምብራፓ በ2016 እ.ኤ.አ. ከእሱ የተመረጠ ዝርያ ለገበሬዎች አውጥቷል። ይህን ጉዳይ የእኛም ተመራማሪዎች ቢከታተሉት እጅግ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ እዚህ ፓሲፍሎራ የሚሉትን በረንዳዬ ላይ በትልቅ ሳክሲ (የአበባ መትከያ ዕቃ) ተክያለሁ። ቤቴ ለባሕሩ ቅርብ ነው። ቅጠሉ ዳሩ ይደርቃል። (ከአሽቀሎን፣ እስራኤል)

መልስ፦ ሁለት ነገር ይመስለኛል። የባሕሩ ነፋስ ጨው ይዞ ቅጠሉ ላይ ያራግፋል፤ ማለዳ ማለዳ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። ማዳበሪያውም ጨው ነው፣ ሳክሲ ውስጥ መሄጃ ስለሌለው ይከማቻል። አልፎ አልፎ ከታች በደንብ እስኪፈስ ድረስ ያጠጡት፤ በሰሐኑ ላይ የተጠራቀመውን ይድፉት። የዶሮ ኩስም ማዳበሪያ ነውና በብዛት አይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ቢጫ ፓሽኔ አበባ በአበባ ነው፤ ፍሬ ግን የለም። ውሃ አንሶት ነው? (ከአዋሳ)

መልስ፦ ቅጠሉ ለምለም ከሆነ ውሃ አይደለም። ቢጫው በራሱ የአበባ ዱቄት አያፈራም፤ ከሌላ ሐረግ የመጣ ይፈልጋል። አንድ ብቻ ካለዎት ከሌላ ፍሬ ዘር ያበቀሉትን አንድ ሐረግ ይጨምሩ። ሥራውን በደንብ የምትሠራው እንጨት የምትቦረቡረው ትልቋ ጥቁር ንብ ናት፤ ስለዚህ ደረቅ ግንድ በአጥሩ ጥግ ይተዉላት። እሷ ካልመጣች በእጅ ይሠራል። የቢጫው አበባ የሚከፈተው ቀን 6 ሰዓት ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ በቀጭን ብሩሽ ከአንዱ ሐረግ አበባ ዱቄቱን ወስደው በሌላኛው ሐረግ አበባ መሐል ባሉት ሦስት ጫፎች ላይ ይቀቡ።