ጅብም እንደየዓመሉ ነው

እንዴት ሰነበታችሁ? ባለፈው ስለ ደላንታ ጭላዳዎች ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች ተጠራርተው የመጡ ይመስላሉ። አንድ ዓይነት አውሬ ሆኖ ሳለ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ የሚሆነው ለምንድን ነው የሚሉ ናቸው። እኔ ጥያቄውን ወድጄዋለሁ። «ጅብ ፈሪ ነው»፣ «ዝንጀሮ ሌባ ነው» እያልን ዘሩን በጅምላ መፈረጅ ለምዶብናል። እያንዳንዱን ለይቶ የሚያይ ሰው ሳገኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

*«ገብሳችን እሸት ሲሆን ጭላዳ ከገደሉ ይወጣል። ልጆቼ በወንጭፍ ያባርራሉ። ሁሌ ቀድማ የምትገባው ግን አንዷ ናት፤ ጆሮዋ የተቆረጠ። ሌሎቹ ዳር ቆመው እሷን ያያሉ። እውነት ከሌሎቹ ትለያለች ወይስ ለእኔ መስሎኝ ነው?»* (አንድ አባት፣ ከደላንታ)

አባቴ፣ አልተሳሳቱም። ዛሬ ብቻ ብትደፍር ኖሮ ርቧት ነው እንል ነበር። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በሚቀጥለው ዓመትም የምትቀድመው እሷው ከሆነች ግን ዓመሏ ነው። ተመራማሪዎችም ቢሆኑ ከዚህ የራቀ ዘዴ የላቸውም። ያንኑ እንስሳ ደጋግመው ያያሉ።

አንድ ምሳሌ ልንገርዎት። በካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ፣ ራም ማውንቴን በሚባል ተራራ ላይ ትልልቅ ቀንድ ያላቸው የዱር በጎች አሉ። ተመራማሪዎቹ በረት ሠርተው ጨው ያስቀምጡላቸዋል። በግ ለጨው ያላትን ፍቅር እርስዎ ያውቁታል። ሆኖም አንዳንዷ ተይዛ ብትለቀቅም ተመልሳ ትገባለች። አንዳንዷ ደግሞ ጨው እያማራት ከውጭ ትቀራለች። ደፋሮቹ ቶሎ የሚያልቁ ይመስላል አይደል? ፑማ የሚባለው አውሬ መንጋውን ክፉኛ ባጠቃባቸው ዓመታት ግን ይበልጥ የተረፉት ደፋሮቹ በጎች ነበሩ። እዚያው አልበርታ ውስጥ፣ ሰው በጠመንጃ በሚያድናቸው ኤልክ በተባሉ ትልልቅ አጋዘኖች ላይ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ብዙ የሚንከራተቱትና ገላጣ ሜዳ የሚያዘወትሩት ናቸው የተመቱት። ድፍረት የሚጠቅመውም የሚጎዳውም እንደ ጠላቱ ነው። ደፋሩም ፈሪውም ዘር ሳይጠፋ አብሮ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ወደ ገብስዎ ልመለስ። ጭላዳ በተፈጥሮው ሣር በል ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኝም። የቤተሰቡ ምሰሶ ደግሞ አብረው ያደጉ ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ሌሎቹ ጆሮ ቆራጣዋን ቆመው ማየታቸው አይግረምዎት። እሷ ከተሳካላት ይከተሏታል። ልጆቹን በማሳው ዙሪያ ሁሉ ከመበተን እሷ በምትወጣበት ጠርዝ፣ በምትወጣበት ሰዓት ያቁሟቸው። ያቺን አንዷን ማስመለስ መንጋውን እንደ ማስመለስ ሊሆንልዎት ይችላል። መርዝ ግን አደራ! መርዝ ጆሮ ቆራጣዋን ከሌላዋ አይለይም። ውሻዎንም፣ አሞራውንም ይዞ ይሄዳል።

*«ማታ ተረኛ ሆኜ ወደ ቤት ስመለስ ቆሻሻ መጣያው ጋ ጅቦች አገኛለሁ። ባትሪ ሳበራ ይበተናሉ። አንዱ ግን ቆሞ ያየኛል። ምን ፈልጎ ነው?»* (ከደሴ)

እህቴ፣ መጀመሪያ የሚበጅሽን ልንገርሽ። አትሩጪ። ፊትሽን ሳታዞሪ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ በይ። ከቻልሽ ከሰው ጋር ተመለሺ። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያ ቆሞ የሚያይሽ ምናልባት ሴት ሊሆን ይችላል። በጅብ ቤት የበላዮቹ ሴቶች ናቸው። ግልገልም ማዕረጉን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ውስጥ የሚኖሩ 34 ጅቦችን በቅርብ የሚያውቋቸው አራት ሰዎች ለየብቻ ሆነው የእያንዳንዱን ጠባይ ሞሉ። መልሳቸው በጥቅሉ ተቀራረበ። አንዱ ቁጡ፣ አንዱ ነገር ፈላጊ፣ አንዱ ከሰው ጋር የሚስማማ፣ አንዱ ብቸኛ ሆኖ ተገኘ። ሴቶቹ ደግሞ ከወንዶቹ ይልቅ የበላይነት የሚያሳዩ ነበሩ።

ሌላም አለ። ኬንያ ውስጥ፣ ማሳይ ማራ ላይ፣ ሥጋ ያለበት የብረት ሳጥን ለዱር ጅቦች ተቀመጠላቸው። ከሞከሩት 62 ጅቦች መካከል የከፈቱት 9 ብቻ ናቸው። እነዚህ 9ኙ አንድ ዘዴ ይዘው ሙጭጭ አላሉም። ነከሱ፣ ገፉ፣ ጎተቱ፣ ገለበጡ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ሳናውቅ ነው «አያ ጅቦ ሞኝ ነው» እያልን ልጆች የምናሳድገው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የደፈረ ሁሉ ዓመሉ ነው አይባልም። በሰሜን ኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ፣ አጥንትና ትርፍራፊ ሲጠፋ፣ ጅቦች ወደ አህያ ያዘነብላሉ። ያ ረሃብ ነው። የሚያይሽ ጅብ በፍስክም በጾምም ያው ከሆነ ግን፣ እሷን ለይተሽ ልታውቂያት ጀምረሻል ማለት ነው።

*«ከአንድ እናት፣ ከአንድ ጉድጓድ የወጡ እንዴት ይለያያሉ?»* (ከኩታበር)

ይህን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ከኩታበር በላይ አንድ የጅብ ጉድጓድ አለ። አንድ ጠዋት ከእረኞች ጋር ራቅ ብለን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሁለት ግልገሎች ነበሩ፤ ጠጉራቸው ገና ጥቁር። አንዱ ወጣ። እረኛው የጣለውን የበቆሎ ቆረቆንዳ አሸተተ፣ ነከሰ፣ ይዞት ዞረ። ሁለተኛው አፍንጫውን ብቻ ከአፈሩ ብቅ አድርጎ እስክንሄድ ድረስ ንቅንቅ አላለም። በማግስቱም እንደዚያው።

ከፊሉ በዘር ይወረሳል፤ ከፊሉ የአስተዳደግ ነው። የሚገርመው ሁለቱንም አንድ ብታደርጋቸው እንኳ ልዩነቱ አይጠፋም። አማዞን ሞሊ የምትባል ትንሽ ዓሣ አለች። ሁሉም ሴት ናቸው፤ ልጅ ከእናቷ ጋር በዘር ቁርጥ አንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነ ጥናት ግልገሎቹን ለየብቻ፣ በተመሳሳይ ውሃና ምግብ አሳደጓቸው። አንዷ ቀበጥ፣ አንዷ ዝምተኛ ሆነው ወጡ። ለእኔ ከዚህ በላይ የሚደንቅ ነገር የለም።

*«አንዱ ዓሣ መንጠቆ እንዳየ ይውጣል። ሌላው ይጠጋና ይመለሳል። ጎበዙን እየጨረስን ይሆን?»* (ከሐይቅ ከተማ)

ወንድሜ፣ ስጋትህ ልክ ነው። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ባስ በተባለ ዓሣ ላይ ይህ ለዓመታት ተሞክሯል። በመንጠቆ ቶሎ የሚያዙትንና የማይያዙትን ለየብቻ አራቧቸው። ልጆቻቸውም ወላጆቻቸውን መሰሉ። መንጠቆ የሚመርጠው ደፋሩን ነው፤ ብዙ ከተያዘ የሚቀረው ጠንቃቃው ይሆናል።

*«በጠራራ ፀሐይ ቀበሮ መንደር ገባ። ውሾቹን አልፈራም፣ እኛንም አልፈራም። ደፋር ዓመል ያለው ይሆን?»* (ከደጋው)

እባካችሁ፣ ይህን ዓመል ነው ብላችሁ አትለፉት። ሰው የሚፈራ አውሬ ድንገት ፍርሃቱን ሲተው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አትጠጉት፣ ልጆችን አስገቡ፣ ለቀበሌውና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። ከዚያም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ ማደር አይገባም፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

ውሾቻችሁንም አስከትቡ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ቀርቷል፤ ጥቂቶቹ በእኛው በወሎ ተራሮች፣ በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ይኖራሉ። ባሌ ላይ ደጋግሞ የፈጃቸው ከውሻ የተላለፈው ይኸው በሽታ ነው።

*«ቀይ ቀበሮ የአበባ ማር ይልሳል የሚባለው እውነት ነው?»* (ከላሊበላ)

አዎ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባሌ ተዘግቧል። ችቦ ከመሰለው ቀይና ቢጫ አበባ ላይ ይልሳሉ። እዚህም ላይ እንደየዓመላቸው ናቸው፤ አንዳንዱ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ይጎበኛል።

*«እኔ 6ኛ ክፍል ነኝ። ለቤታችን ጀርባ ጦጣዎች ስም አወጣሁላቸው። አስተማሪዬ እንስሳ ስም አያስፈልገውም አለኝ። ተሳስቻለሁ?»* (ከኮምቦልቻ)

ጎበዝ! አልተሳሳትሽም። የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዶል እ.ኤ.አ. በ1960 ታንዛኒያ፣ ጎምቤ ጫካ ስትገባ ዕድሜዋ 26 ነበር። ለቺምፓንዚዎቹ ስም ሰጠቻቸው። ምሁራኑ «ቁጥር ነው መስጠት ያለብሽ» ብለው ነቀፏት። እሷ አልተወችም። መጀመሪያ ያልሸሻት ጢሙ የሸበተ አንድ ወንድ ነበር። በሣር ዘንግ ምስጥ ሲያወጣ ያየችውም እሱን ነው። ሐረር ላይም ጅብ የሚያበሉት ሰዎች ጅቦቹን በየስማቸው ይጠሯቸዋል።

አስተማሪሽን ግን አትቀየሚው። ስም ማውጣት ብቻውን አይበቃም። ደብተር ያዢ። ለእያንዳንዷ አንድ ገጽ ስጪ። በምን እንደለየሻት ጻፊ፤ ጅራቷ ይሁን ጠባሳዋ። ከዚያ በየቀኑ፣ በአንድ ሰዓት፣ ማን ቀድማ ከዛፍ እንደወረደች ብቻ መዝግቢ። ምግብ አትስጪያቸው፤ ከሰጠሻቸው የምታዪው ዓመላቸውን ሳይሆን የእጅሽን ሙዝ ነው። ወር ሲሞላ ላኪልኝ። ጅራተ ቆልማማዋ ስንት ቀን እንደቀደመች ማወቅ እፈልጋለሁ።