እንጆሪዬ በረዶውን ለምን አልቻለችም?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ብሉሚንግተን ነው። አምና ሜይ ላይ አራት የእንጆሪ ችግኝ ገዝቼ በረንዳ ላይ በፕላስቲክ የአበባ መትከያ ተከልኩ። ወረቀቱ ላይ «አልቢዮን» ይላል። ልጄ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ እየቀጠፈች በላች። ዘንድሮ ኤፕሪል ላይ ሳያት ግን ቡናማ ሆና በስብሳለች። ምን አጥፍቼ ነው? አሁን መሬት ላይ ልተክል አስቤያለሁ። ባለቤቴ ቃሪያ የነበረበት መደብ ላይ ይሁን ይላል። የትኛውን ዓይነት ልግዛ?
የሰባት ዓመት ልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ችግኞችሽን የገደላቸው በረንዳው ነው። መሬት ውስጥ ላለ ሥር ብርዱ የሚመጣበት ከላይ ብቻ ነው። ከታች ምድር ታሞቀዋለች። መትከያ ውስጥ ያለ ሥር ግን ከየአቅጣጫው ይመታል። እንጆሪ ሥሯና ቅጠሏ የሚገናኙበት አጭር፣ ወፍራም አንገት አላት። ሕይወቷ እዚያ ነው። ያ አንገት ራሱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲቀዘቅዝ መጎዳት ይጀምራል። የእኛን ጃንዋሪ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

አልቢዮን የካሊፎርኒያ ዘር ናት። ሰመሩን ሙሉ ታፈራለች፣ ትጣፍጣለችም። እዚህ አገር ግን ብዙ አምራቾች በየዓመቱ አዲስ ነው የሚተክሏት። መሬት ካለሽ ጁን ላይ አንዴ የምታፈራውን ዓይነት ግዢ። ሦስት ሳምንት ገደማ ትለቅሚያለሽ። እኔ ጓሮ ሁለት ዓይነት አለ። ሆኒዮይን ኒውዮርክ ያለው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው በ1979 ያወጣት። ቀድማ ትደርሳለች፣ ፍሬዋም ብዙ ነው። ውኃ የሚቋጥር ሸክላ አፈር ላይ ግን ሥሯ ይታመማል። መሳቢ የዚሁ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ናት፤ በ1999 ወጣች። አንዷን ብቻ ካልሽኝ መሳቢን እልሻለሁ። ለእኔ ምላስ እሷ ትበልጣለች።

የቃሪያውን መደብ ግን ባለቤትሽ ይተወው። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ድንችና ደበርጃን የነበሩበት አፈር ቬርቲሲሊየም የሚባል በሽታ ይዞ ሊቆይ ይችላል። እንጆሪን ሲይዛት የዳር ዳሩ ቅጠል ጠውልጎ ይረግፋል፣ መሀሉ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። እኔ በርበሬ በነበረበት ቦታ 25 ችግኝ ተክዬ ጁላይ ላይ ግማሹን ነቅዬ ጥያለሁ። እነዚህ ነገሮች ቢያንስ አራት ዓመት ያልተተከሉበት፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ፈልጊ።

ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ያለ አፈር በጥቅል የሚሸጠውን ሥር ግዢ፣ ዋጋውም ይቀላል። ስትተክይ አንገቱ ልክ ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን። ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ሥሩ ከወጣ ደግሞ ይደርቃል። በችግኞቹ መሀል 50 ሳንቲ ሜትር ተዪ። ይሄ ሁሉ ባዶ መሬት ብለሽ አትሳሺ። ሰመሩን ረጅም ቀጭን ክር እየዘረጉ፣ ጫፉ ላይ ልጅ እያወጡ ይሞሉታል።

አሁን ልጅሽን የሚያስከፋ ነገር ልንገርሽ። በመጀመሪያው ዓመት የሚወጣውን አበባ በሙሉ ቀንጥሺው። አንጀት አይችልም፣ አውቃለሁ። ግን ያንን ዓመት ፍሬ ካላሳደገች ጉልበቷን ሥርና ልጅ ላይ ታውለዋለች። በቀጣዩ ጁን በሳህን ሳይሆን በባልዲ ትለቅሚያለሽ።

ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ስለ ገለባው ነው። የስንዴ ገለባ ግዢ። ድርቆሽ እንዳይሰጡሽ፣ የአረም ዘር የሞላው ነው። ጊዜው ኖቬምበር አጋማሽ ገደማ ነው፣ አፈሩ ወደ 4 ዲግሪ ሲወርድ። ቀደም ብለሽ ካለበስሻት ብርዱን ሳትለምድ ትቀራለች። ከዘገየሽ አንገቷ ይመታል። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አድርገሽ ሸፍኛት። በረዶ ከላይ ሲጨመርበት ደግሞ እንደ ጋቢ ነው። ጃንዋሪ 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ የገባች ዕለት ልጆቼ «በቃ፣ እንጆሪያችን አለቀላት» ብለውኝ ነበር። ኤፕሪል ላይ ገለባውን በእጄ ገለጥ ሳደርግ ከሥሩ ጥፍር የምታክል ቢጫ ቅጠል ተጠቅልላ አየሁ። ፀሐይ ባገኘች በሳምንቷ አረንጓዴ ሆነች።

ያቺን ቢጫ ቅጠል ስታዪ ገለባውን አንሺላት፣ ግን አትጣዪው። በመስመሮቹ መሀል ይቀመጥ፣ ፍሬው ጭቃ እንዳይነካው ይጠቅማል። ለሌላም ነገር ትፈልጊዋለሽ። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ጸጥ ሲል አባቴ «ዛሬ ውርጭ አለ» ይል ነበር። ጠዋት ባቄላው ጠቁሮ ይገኛል። እዚህም ሜይ ላይ አበባው ፈክቶ እያለ እንዲህ ያለ ምሽት ይመጣል። ያኔ ገለባውን ወይ አንሶላ አልብሻት እደሪ። በማግሥቱ አበባውን ከቅርብ እዪው። ነጩ ቅጠል ምንም ሳይሆን መሀሉ ያለው ቢጫ ጠቁሮ ከሆነ ያ አበባ ሞቷል፣ ፍሬ አይሰጥም። ቢጫ እንደሆነ ካደረ ተርፏል።

ጥያቄ፦ ካናዳ፣ ኤድመንተን ኮንዶ ውስጥ ነው የምኖረው። በረንዳ እንጂ መሬት የለኝም። ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! አንተ እንዲያውም አልቢዮንን ትከል። ሜይ መጨረሻ ላይ ተክለህ እስከ ውርጩ ድረስ ብላ፣ በዓመቱ አዲስ ትገዛለህ። በመትከያ ያለች በሞቃት ቀን በየዕለቱ ውኃ ትፈልጋለች፣ እሱን አደራ። ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ያለው ወዳጅ ካለህ ደግሞ ቅጠሏ ከተኛ በኋላ መትከያውን እዚያ ግድግዳ ጥግ አስጠጋው። አፈሩ ጨርሶ እንዳይደርቅ በወር አንዴ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠብ አድርግላት። ቤት ውስጥ ሳሎን እንዳታስገባት፣ እንቅልፏን ማግኘት አለባት።