ስልካችሁን በር ላይ ተዉት

ባለፈው እትም አልበም ከመውጣቱ በፊት ለተመረጡ አድናቂዎች በድብቅ ስለማስደመጥ ጥቂት ጽፌ ነበር። ብዙ ደብዳቤ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትቼ፣ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ቴይለር ስዊፍት አድናቂዎቿን ቤቷ እየጠራች ያልወጣ አልበም ታስደምጥ ነበር ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? ማን ነው የሚመርጠው? እዚያ ቤት ውስጥስ ምን ሲደረግ ያመሻል? እኔ የምወደው ሰው ፊት ስቆም አፌ ይተሳሰራል። ብጠራ እንኳ ምን እንደምላት አላውቅም። (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 «1989» የተባለው አልበሟ ሊወጣ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው በአምስት ቦታ አድናቂዎቿን ሰበሰበች። ሎስ አንጀለስ፣ ኒውዮርክ፣ ናሽቪል፣ ሮድ አይላንድ እና ለንደን። በየቦታው የተጠሩት 89 ናቸው፤ ቁጥሩ ከአልበሙ ስም ጋር እንዲገጥም ነው። በ2017 «ሬፑቴሽን»፣ በ2019 ደግሞ «ላቨር» ከመውጣታቸው በፊትም ደገመችው።

የምትመርጠው ራሷ ነበረች። ለወራት ተምብለር የሚባለው የብሎግ መድረክና ኢንስታግራም ላይ ተቀምጣ ማን ምን እንደሚጽፍ ታነብ ነበር። ከተመረጡት ውስጥ ብዙ ተከታይ ያላቸው ብቻ አልነበሩም፤ ክፍላቸው ውስጥ ብቻቸውን ሆነው ስለ አንድ ስንኝ ረጅም ጽሑፍ የሚጽፉ ልጆችም ነበሩ። ከዚያ ከእሷ ቡድን በውስጥ መስመር መልእክት ይመጣል። ሙሉው ነገር አይነገራቸውም። እዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት፣ መታወቂያ ይዛችሁ፣ ለማንም ሳትናገሩ ኑ ነው የሚባለው። ስልክ ይሰበሰባል። አውቶቡስ ይመጣል።

ሳሎኑ ወለል ላይ ትራስ ተደርድሯል። ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል። እሷ ትገባለች፣ መሐላቸው ቁጭ ትላለች፣ እያንዳንዱ ዘፈን እንዴት እንደተጻፈ ትነግራቸዋለች፣ ከዚያ ታጫውታለች። ራሷ የጋገረችው ኩኪስ ይዞራል። ወላጆቿም እዚያው ከእንግዳው ጋር ያወራሉ። አልበሙ ሲያልቅ አንድ በአንድ እየጠራች ታቅፋለች፣ ታወራለች፣ ፎቶውን ወዲያው አትሞ በሚያወጣው በፖላሮይድ ካሜራ ፎቶ ትነሣለች። የአልበሙ ሽፋን ራሱ ፖላሮይድ ፎቶ ስለነበር ያቺ ፎቶ ለአድናቂው ትርጉሟ ብዙ ነው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ሌላውን ነገር ነው። እነዚያ ልጆች አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይዘልሉና ሳይመልሱ፣ እጃቸው ላይ ምንም ሳይኖር ሰሙት። ከዚያ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አልበሙ የወጣው ኦክቶበር 27 ነው። እስከዚያ ድረስ ለሳምንታት እንደገና የሚሰሙበት ምንም መንገድ አልነበራቸውም፤ ዜማው ከጭንቅላታቸው እየሸሸ፣ አንዷን ሐረግ አጥብቀው ይዘው ሌላዋን እያጡ፣ ለቅርብ ጓደኛ እንኳ ማንጎራጎር ሳይችሉ ቆዩ። ዛሬ አንድ ዘፈን አስር ሴኮንድ ሰምተን በምናልፍበት ጊዜ አንድን ሙዚቃ እንዲህ አድርጎ መያዝ ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ የዚያ ምሽት ትልቁ ስጦታ ይኼ ነው፤ ፎቶው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

አፌ ይተሳሰራል ላልሽው አትጨነቂ። ከዚያ ቤት የወጡ ብዙዎች የተናገሩት ተመሳሳይ ነው፤ እሷ ቀድማ ታውቃቸዋለች፣ የጻፉትን አንሥታ ታወራቸዋለች። እንዲያው የሚጨንቅሽ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ግቢ፦ የትኛው ዘፈን፣ በየትኛው የሕይወትሽ ሰሞን፣ ምን እንዳደረገልሽ። ይኼን ለመናገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ብታለቅሺም ምንም አይደለም፤ አንቺ የመጀመሪያዋ አትሆኚም።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ። የምትወዳት ዘፋኝ ቡድን ነን ያሉ ሰዎች በውስጥ መስመር ጽፈውላት «ለድብቅ የአልበም ማስደመጫ ተመርጠሻል» አሏት። ለምዝገባ 200 ዶላር በጊፍት ካርድ (ቀድሞ ገንዘብ በተከፈለበት የስጦታ ካርድ) እንድትልክና ለእናቷም ጭምር እንዳትናገር አስጠንቅቀዋታል። እሷ ግን ነገረችኝ። እንባዋ እየወረደ «እማዬ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው» ትለኛለች። ሕልሟን እንዳልገድልባት ፈራሁ። (እናት፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይክፈሉ። አንድ ሳንቲም እንዳይልኩ። ይኼ ማጭበርበር ነው።

እንደዚህ ዓይነት ምሽት የሚያዘጋጅ አርቲስት ከተጋበዘ አድናቂ የምዝገባ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በጊፍት ካርድማ ጭራሽ። ገንዘብ በጊፍት ካርድ የሚጠይቅ ሁሉ፣ ማንም ነኝ ቢል፣ ሌባ ነው ብለው ይያዙት። ሁለተኛው ምልክት «ለእናትሽ አትንገሪ» መባሉ ነው። ቴይለር ስዊፍት ስትጠራ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ከወላጅ ጋር ነበር የሚመጡት። ምስጢሩ የዘፈኖቹ ነው። ልጅ የት እንደምትሄድ ከእናቷ የሚደበቅበት ምስጢር ጤናማ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛ፣ የመታወቂያ ፎቶ ወይም የይለፍ ቃል በመልእክት ጠይቀዋት ከሆነ እሱም ምልክት ነው፤ ልካ ከሆነ ዛሬውኑ የመለያዎቿን የይለፍ ቃል በሙሉ ይቀይሩላት። ካርድ አስቀድሞ ተልኮ ከሆነም ደረሰኙን ይያዙና ካርዱን ላወጣው ኩባንያ ወዲያው ይደውሉ። ከዚያ ኤፍቲሲ ለሚባለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያመልክቱ።

አሁን ወደ ልጅዎ። እባክዎ «እንዴት ይኼን ታምኛለሽ» አይበሏት። የተመረጠችው ሞኝ ስለሆነች አይደለም፤ ፍቅሯን በአደባባይ ስለጻፈች ነው፣ እነዚህ ሰዎች የሚያድኑት እንደዚህ ያለውን ልጅ ነው። ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አድርጋለች። አትናገሪ ተብላ ለእናቷ ተናግራለች። ይኼን አንሥተው ያመስግኗት፣ ደጋግመው። አልበሙ የሚወጣበት ሌሊት ደግሞ ጓደኞቿን ይጥሩላት። መብራቱን ቀነስ አድርጋችሁ፣ ስልኩን ቅርጫት ውስጥ ሰብስባችሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትስማው። እርስዎም አብረው ይቀመጡ። ሙዚቃው ባይገባዎትም ልጅዎ የትኛው ዘፈን ላይ ዝም እንደምትል ያያሉ።

ጥያቄ፦ ይኼ ሁሉ ማስታወቂያ ነው። አድናቂውን በነጻ ሠራተኛ አደረጉት። አንተም ታሞጋግሳለህ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ንግድ አለበት፣ አልክድም። «1989» አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት 1.287 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል። በአምስቱ ቦታ የተጠሩት ደግሞ 89 ሲባዛ በ5፣ 445 ሰው ናቸው። እነዚያ 445 ሰዎች ተመልሰው የጻፉት ደስታ ለሽያጩ ምንም አላዋጣም የሚል ሰው የለም።

ግን አንድ ነገር አስብ። ቴይለር ያቺን ሳሎን በቲኬት ብትሸጣት ኖሮ ለአንድ ትራስ ስንት ይከፈል ነበር? ቦታው ለከፈለ ሳይሆን በደንብ ለሚያዳምጥ ተሰጠ። እኔ የማከብረው ይኼን ውሳኔ ነው። ሌላዋ አሜሪካዊት ዘፋኝ ቢሊ አይሊሽ በ2024 አልበሟን ልታወጣ ስትል አስቀድማ አንድም ዘፈን ለብቻው አልለቀቀችም፤ ይልቁንስ ብሩክሊንና ሎስ አንጀለስ ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ ሙሉውን አስደመጠች። ያኛው በቲኬት ነው፣ ምስጢርም አልነበረም። ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ አልበሙን ሳትቆራርጡ፣ አብራችሁ ስሙልኝ።

ጥያቄ፦ አንድ ድምፃዊ ስቱዲዮው ጠርቶ ገና ያልወጣ አልበም አስደመጠን። ጥቂት ሰዎች ነበርን። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ምሽት የለም። በማግስቱ አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ በድብቅ የቀዳውን በቴሌግራም ላከልኝ። ለሌላም ሰው ልኮ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ባጋልጠው ጓደኝነታችን ያበቃል። ዝም ልበል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዝም አትበል።

መጀመሪያ የላከልህን ሰርዝ፤ «አንዴ ብቻ ልስማውና» ሳትል። ከዚያ ለጓደኛህ ደውልለት፣ በጽሑፍ አትጨቃጨቅ። ለማን እንደላከ ጠይቀው፣ እንዲያስጠፋ ንገረው፣ ለድምፃዊው ራሱ እንዲነግር ዛሬን ስጠው። ካልተናገረ ነገ አንተ እንደምትናገር አሁኑኑ አሳውቀው። ከጀርባው አታድርገው። ይኼ ማጋለጥ አይደለም፤ አፈትልኮ የወጣ ሥራ ቶሎ ከታወቀ የሚለቀቅበትን ቀን ማስተካከል ይቻላል፣ ከዘገየ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም።

የምቆጣው በምክንያት ነው። አገራችን ውስጥ ይኼ ቁስል የቆየ ነው። በካሴት ዘመን ስንት ድምፃዊ፣ ስንት ገጣሚ፣ ስንት አቀናባሪ ዓመት የለፋበት ሥራ ሱቅ ሳይደርስ ተገልብጦ መንገድ ላይ ሲሸጥበት አይቷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው የፈጠራ ሰዎች መብት ሕግ እንዲኖረው ነው። ጓደኛህ በስልኩ የሠራው ያንኑ ነው፣ ያውም እምነት ጥለው ከጠሩት ቤት። የጠራችሁ ሰው ስልክ ባይሰበስብም ያመናችሁ ስለሆነ ነው ያልሰበሰበው።

ጓደኝነታችሁ ሊጎዳ ይችላል፤ ይኼን ልደብቅህ አልችልም። በደንብ የተነገረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ አልበሜን ጨርሻለሁ። ገንዘብ የለኝም፣ ስሜም አይታወቅም። ጀሞ የተከራየሁት ሁለት ክፍል ቤት አለ። እዚያ 15 ሰው ጠርቼ ባስደምጥ ያስቃል? (ጀማሪ ድምፃዊ)

መልስ፦ አያስቅም፣ አድርገው! ድሮ አዲስ ካሴት ለበዓል ሲወጣ ሙዚቃ ቤቱ ስፒከሩን በር ላይ አውጥቶ ይከፍተው ነበር፤ መንገደኛው ቆሞ ይሰማል፣ ካሴቱ ተገልብጦ ሌላው ፊት እስኪጀምር የሚጠብቅም ነበር። አብሮ ማድመጥ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም።

የምትጠራቸውን ሰዎች አስብባቸው። 15ቱም ሙዚቀኛና ጋዜጠኛ ከሆኑ ቤቱ የፈተና ክፍል ይሆናል። እስካሁን በለቀቅካቸው ዘፈኖች ሥር ከልባቸው የጻፉልህ ሰዎች አሉ፤ እነሱን ፈልግ። ከቤተሰብም አንድ ሁለት ሰው ይኑር። ስልኮቹን በየፖስታው ስም ጽፈህ ሰብስብ፣ ለምን እንደሆነም አስቀድመህ ንገራቸው እንጂ በር ላይ አታስደንግጣቸው። ልጅ ቤት ጥላ የመጣች እናት ካለች የአንተን ቁጥር ለቤቷ ትስጥ።

ድምፁ ላይ አትቆጥብ። ቤትህን ለማሳመር ከምታወጣው ይልቅ ጥሩ ስፒከር ለአንድ ምሽት ተከራይ፤ መብራት ሊሄድ ስለሚችልም በባትሪ የሚሠራ ተጠባባቂ አዘጋጅ። ለጎረቤት አስቀድመህ ንገር። ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርና ዝም በል፣ ምክንያቱም ሰው ስለ ዘፈኑ ብዙ ከሰማ ዘፈኑን አይሰማውም። መሐል ላይ «እንዴት ነው?» ብለህ አትጠይቅ። ፊታቸውን ተመልከት፣ የትኛው ዘፈን ላይ እግር መምታት እንደጀመሩ፣ የትኛው ላይ ወንበር እንደተንቀሳቀሰ በልብህ ያዝ፤ ያ ከማንኛውም አስተያየት ይበልጥ ይነግርሃል፣ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ለመቀየርም ገና ጊዜ አለህ። ሲያልቅ አንድ ዘፈን እንዲደገም እነሱ ይምረጡ። አልበሙን ስትለቅ መጀመሪያ የምታስተዋውቀው እሱን ሊሆን ይችላል።

ለመስተንግዶ ሻይና ዳቦ በቂ ነው። ጾም ከሆነ ኬክ አትግዛ፣ የሚጾሙ እንግዶች እንዳይሳቀቁ። ቆሎ ካለህ አልበሙ ካለቀ በኋላ አውጣው፤ 15 ሰው እየቆረጠመ ለስላሳ ዘፈን አይሰማም።