ሩዝ ይቀቀላል ወይስ ይቆላል? (የአንዲት እናት ጥያቄ)

ጥያቄ፦ «ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ልጄ ሸዋ ሮቢት ሥራ ይዞ ብቻውን ይኖራል፣ እና እኔ ቤት የሚወደውን ሩዝ አሰራሩን ጻፊልኝ አለኝ። ሽንኩርት አቁላልቼ፣ ኮረሪማና ቅርንፉድ ጨምሬ፣ ድስቱ ተከድኖ ውሃውን መጦ የሚበስለውን ማለት ነው። እኔም «ሩዙን ቀቅለው» ብዬ ጻፍኩለት። እሱ እንደ መኮሮኒ በብዙ ውሃ ቀቅሎ፣ አጠንፍፎ፣ ቁሌቱ ላይ ገለበጠውና ገንፎ ሆነበት። እህቴ ደግሞ «ጥፋቱ ያንቺ ነው፣ ይሄ ፒላፍ ነው የሚባለው፣ አይቀቀልም» አለችኝ። ትክክለኛው ቃል የቱ ነው? በስንዴና በገብስ ስሰራውስ ቅንጬ ነው ወይስ እሱም ፒላፍ?»

መልስ፦ የኔ እህት፣ ጥያቄሽን እንዳነበብኩ ሌላውን ሁሉ ወደ ጎን አድርጌ ነው ልመልስልሽ የተቀመጥኩት፣ ምክንያቱም የወጥ ቤት ግሶቻችን እየሳሱ ነው ብዬ መጨነቅ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ድሮ ማቁላላት፣ መቁላት፣ ማንፈር፣ ማገንፋት፣ መፈተግ፣ መሸርከት ይባል የነበረው ሁሉ አሁን «ሰራሁት» እና «ቀቀልኩት» በሚሉ ሁለት ግሶች እየተጠቀለለ ነው፣ ልጅሽ ድስት ውስጥ የሆነውም የዚህ ውጤት ነው። ልጁ አልተሳሳተም፣ የጻፍሽለትን ነው ያደረገው።

ቀቀለ ስንል ውሃው ከሚበስለው ነገር በላይ ነው። እንቁላል ይቀቀላል፣ ድንች ይቀቀላል፣ ስጋም ይቀቀላል፣ ሲያልቅ ወይ ውሃው ይደፋል ወይ መረቅ ሆኖ ለብቻው ይቀራል። ንፍሮም እንደዛው ነው፣ ይነፍርና ይጠነፈፋል። ያንቺ ሩዝ ግን የሚጠነፈፍ ነገር የለውም፣ ውሃው ተለክቶ ይገባል፣ ሩዙ ይመጠዋል፣ የቅመሙም ጣዕም አብሮ ፍሬው ውስጥ ይቀራል እንጂ ከውሃው ጋር አይደፋም። ስለዚህ «ቀቅለው» ያልሽው ጊዜ ግማሹን ጣዕም አጠንፍፈህ ድፋው እንዳልሽው ነው የሚቆጠረው። «አብስለው» ብትይስ? ስህተት የለውም፣ ግን አይረዳውም፣ በሰለ የውጤት ግስ ነው፣ በምን መንገድ እንደሆነ አይናገርም። በግዕዝም በሰለ ነው፣ በዕብራይስጥ ባሻል፣ በጥንቱ አካድኛ በሻሉ፣ እና ፍሬ ዛፍ ላይ ሲደርስም ድስት ውስጥ ሲደርስም ያው አንድ ግስ ነው የሚያገለግለው፣ ሰፊ ስለሆነ ነው ያን ያህል ዕድሜ የኖረው።

አሁን ወደምወደው ቃል ልምጣ፣ ወደ ቁሌት። አንድ አጥብቆ የሚከራከረኝ ሰው አለ፣ ስሙን አላነሳም፣ የሱ ሐሳብ «ቁሌት የወጥ ነው፣ ሩዝ ውስጥ ምን አገባው፣ ደግሞም ከቆላ ጋር አይዛመድም፣ መቁላት በደረቅ እሳት ነው፣ ቁሌት ግን በቅባት ነው» የሚል ነው። እኔ ይሄን ፈጽሞ አልቀበለውም። የግዕዙ ቀለወ ነው አማርኛ ውስጥ ቆላ የሆነው፣ መጨረሻ ላይ የነበረችው ደካማዋ ወ ስትጠፋ ክብ ድምጿን (ከንፈር ክብ ሲሆን የሚወጣውን) ለቀ ትታለት ሄደች፣ በዓረብኛም ቀላ፣ በዕብራይስጥም ቃላ ነው፣ ሁሉም በእሳት መቁላት ወይም መጥበስ ነው። ቁሌት ላይ ያለችውን ቁ እያት፣ ያቺው ክብ ድምጽ ናት። አቁላላ ላይ ደግሞ ላ ተደግማለች፣ እንደ ሰባበረና እንደ አገላበጠ፣ ምክንያቱም ሽንኩርት አንዴ ጣል ተደርጎ የሚተው ነገር አይደለም፣ ደጋግመሽ ታማስይዋለሽ፣ በኔ እምነት ግሱ ይሄንኑ ነው የቀረጸው። የቅባቱ ክርክር እኮ በገዛ ወጥ ቤታችን ነው የሚፈርሰው! እናቶቻችን ቀይ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ደረቁን፣ ያለ ዘይት ያለ ቅቤ ነው ድስት ላይ የሚያቁላሉት፣ ውሃውን ጨርሶ መልኩን ሲቀይር ነው ቅባቱ የሚገባው። ቆሎም የሚቆላው በደረቁ ነው። ቃሉ ከሥራው ጋር እንደዚህ ገጥሞ እያየሁ ዝምድናውን የምክድበት ምክንያት አይታየኝም።

ሩዙም ቢሆን ውሃ ከመግባቱ በፊት ቁሌቱ ላይ ተጨምሮ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታመሳል አይደል? ፍሬው በቅባት ይለበሳል፣ ሽታው ይወጣል፣ ፍሬ በፍሬ ሆኖ የሚቀረውም በዚህ ጭምር ነው። ስለዚህ የጥያቄሽ መልስ፣ ሩዙ መጀመሪያ ይቆላል፣ ከዛ በልክ ውሃ ተከድኖ ይበስላል። አይቀቀልም።

ፒላፍን በተመለከተ እህትሽ ያለችው መሰረት አለው፣ ማለትም የአሰራሩ ስም በብዙ አገር በርግጥ ይሄ ነው። ቱርኮች ፒላቭ ይላሉ፣ ፋርሶች ፖሎው፣ ህንዶች ፑላው፣ ብዙ ሊቃውንት እስከ ሳንስክሪቱ ፑላካ ድረስ ይወስዱታል። ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. የኡዝቤኪስታንንና የታጂኪስታንን ፓላቭ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፣ የተከበረ ምግብ ነው። ወደኛ ግን የመጣው በፋርስ ወይም በቱርክ በኩል አይደለም፣ መጨረሻው ላይ ያለችው ፍ ራሷ በፈረንጅ ሜኑ በኩል እንደገባ ትናገራለች። ለኔ ጆሮ ቃሉ አይጥመኝም፣ እውነቱን ልናገር። ፐ እና ጰ በግዕዝም በአብዛኛው ከግሪክ ለመጡ ቃላት ነው የቆሙት፣ ጳጳስንና ጴጥሮስን አስቢ፣ በኛ አገር ገጠር ያሉ ሽማግሌዎች አሁንም ፖሊስን ቦሊስ፣ ፖስታን ቦስታ ነው የሚሉት። ግን ፓስታ ገብቶ ቤተኛ ሆኗል፣ ፒላፍም ሜኑ ላይ እየተጻፈ ነው፣ ወጣቶቹ ሲሉት አንደበታቸው አይሰናከልም፣ የኔ አለመውደድ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የሚናገሩት ሰዎች ከወሰኑ ወስነዋል።

ሩዝ ራሱስ? ከጣልያን ነው የመጣው የሚሉ አሉ፣ ከፓስታና ከመኮሮኒ ጋር ሱቅ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚያዩት ይመስለኛል። ጣልያን ሪዞ ነው የሚለው፣ ከዛ ቢሆን ሣልሷ ሪ ትቀመጥ ነበር፣ የኛ ግን በካዕቡ ሩ ነው፣ ይሄ ቀጥታ የዓረብኛው ሩዝ ነው።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ገብስ መንዝና ደብረ ብርሃን ላይ የቤት ልጅ ስለሆነ ስንት ስም እንዳለው ቁጠሪ። ሲቆላ ቆሎ፣ ቆሎው ሲፈጭ በሶ፣ ሲገነፋ ገንፎ፣ ሲጠመቅ ጠላ፣ ተፈትጎ ተሸርክቶ ሲበስል ቅንጬ። ሩዝ ግን ጆንያ ውስጥም ሩዝ፣ ድስት ውስጥም ሩዝ፣ ሳህን ላይም ሩዝ ነው። የቃል ዘመድ ገና አልወለደም። ፎገራ ሜዳ ላይ ገበሬው ማምረት ከጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እዛ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ጠላም ይጠመቅበታል፣ ያው እዛም ቢሆን በቆየው እህል ግስና ስም ነው የገባው። ስለዚህ ለያንዳንዱ የሩዝ አሰራር ስም ከሩቅ ከማስመጣት ያለውን ብንሰጠው ደስ ይለኛል፣ ሩዝ በስጋ፣ ሩዝ በአትክልት እንደምንለው ያንቺን ሩዝ በቁሌት ብትይው በቃ ያልቃል፣ ሰምቶ የማይገባው አማርኛ ተናጋሪ የለም።

የስንዴውና የገብሱ መልስ ደግሞ ቀላል ነው። ተፈትጎ የተሸረከተ ከሆነ ቅንጬ ነው፣ ቁሌትም ይግባበት ኮረሪማም ይግባበት ቅንጬነቱን አያጣም፣ እሱም እኮ ከመጀመሪያው በልክ ውሃ ነው የሚበስለው፣ ውሃውን ይመጠዋል፣ ቅቤ ይገባበታል፣ ታዲያ ፒላፍ ከሱ በምን ተለየ? ያ የምልሽ ሰው ሩዙንም የሩዝ ቅንጬ ልንል ነው ወይ ብሎ ሊይዘኝ ሞክሮ ነበር። አልልም፣ ምክንያቱም ነጭ ሩዝ በማሽን ተፈትጓል እንጂ አልተሸረከተም፣ እዚህ ላይ ለሱ እሰጠዋለሁ። ቂንጬ ብለው የሚጽፉም ብዙ ናቸው፣ እኔ በሳድሱ ቅ ነው የምጽፈው፣ ሁለቱም ይነበባል።

አሁን ለልጅሽ እንደገና እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ ሩዙን ውሃው እስኪጠራ እጠበው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈው፣ ከዛ አጠንፍፈው (መጠንፈፍ ያለበት እዚህ ላይ ብቻ ነው)። ቀይ ሽንኩርቱን ደረቁን አቁላላ፣ ቅቤ ወይም ዘይት ጨምር፣ ኮረሪማውንና ቅርንፉዱን ጣል አድርግ፣ ሩዙን ጨምረህ ቁላው። ለ1 ኩባያ ሩዝ 1 ተኩል ኩባያ የፈላ ውሃ አፍስስ፣ ጨው አድርግ፣ ክደን፣ እሳቱን ቀንስ፣ ከዛ በኋላ አታማስል፣ ስታማስለው ፍሬው ይሰበርና ስታርቹ ወጥቶ ያያይዘዋል። ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበቃዋል፣ አውርደህ ሳትከፍተው 10 ደቂቃ ተወው። የሽርክት ስንዴ ከሆነ ውሃው ለ1 ኩባያ 2 ኩባያና ከዛ በላይ ይሁን፣ ጊዜውም ይረዝማል።

ሁሉም ጥፋት ግን የቃል አይደለም። አንቺ ያለሽው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እዛ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ ሩዙ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፣ ክዳኑ ስር እንፋሎቱ እያመለጠ ውሃም ይበልጥ ይፈልጋል። ልጅሽ ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ነው ያለው፣ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ነው፣ እዛ ውሃ 95 ዲግሪን አልፎ ነው የሚፈላው። በደብረ ብርሃን ልክ ብትጽፊለት ውሃውና ደቂቃው እዛ ሲደርስ ይበዛበታል። ከላይ የጻፍኩት ልክ ለሱ ነው፣ አንቺ ቤት ግማሽ ኩባያ ጨምሪበት፣ አምስት ደቂቃም እንደዛው።